የምትተኩሰው ሞተሬ

ዛሬ ስለ ዶላርም፣ ስለ ምርጫም፣ ስለ ድርድርም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። የቻናሉ ቤተሰቦች «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ የሆነው በአንድ የገበያ ቀን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። ሞተሯን ከገዛኋት አራተኛ ቀኔ ነበር። ገበያው አጠገብ ስደርስ ሰው ስለበዛ ነዳጁን ለቀቅ አድርጌ በማርሽ ማዝገም ጀመርኩ። በዚያች ቅጽበት ከማርሚታዋ «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ቀና ስል የቆመ ሰው የለም። አሁን ድንች ሲመዝኑ የነበሩት ሴቶች ከጆንያቸው ጀርባ ተኝተዋል። አንድ ልጅ የበጉን ገመድ እንደያዘ አጥር ሥር ተለጥፏል። ሱቆች ግማሽ ግማሽ ተዘግተዋል። ሁሉም የሆነው እኔ ፍሬን እስክይዝ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ አንዱ «ሞተር ነው! ሞተር ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሰውም አንድ በአንድ ተነሣ።

አንዲት እናት ነጠላቸውን እያራገፉ ወደ እኔ መጡ። «ኧረ ልጄ፣ በቅዱስ ማርቆስ ይዤሃለሁ፤ ይህን ነገርህን ወዲያ አርቅልን። የደነገጥነው ይበቃናል» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ወዲህ የእኛ ሰው ጆሮ ተለውጧል። እናቴ ድሮ በድምፅ ለይታ የምታውቀው የጎረቤት በርና የአውቶቡስ ጥሩምባ ነበር። ዛሬ ክላሽን ከከባድ መሣሪያ፣ የሩቁን ከቅርቡ ትለያለች። ማንም አላስተማራትም። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የምትተኩስ ሞተር ይዞ መዞር ማለት በየሄዱበት ሰው መሬት ላይ እየጣሉ መሄድ ማለት ነው።

ለምን ገዛኋት? ሥራዬ ቋሚ ደመወዝ የለውም፤ በዘገባ ልክ ነው የምከፈለው። መንገድ ሲዘጋ መኪና የለም። መንገድ ሲከፈት መኪናው ይሞላል፤ ታሪፉም የጠየቁትን ነው። አማኑኤል ወይም ሉማሜ ደርሶ አንድ ሰው አነጋግሮ ለመመለስ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኳትን ይዤ ደላላ ፈለግሁ። የህንድ ስሪት፣ ባለ 150 ሲሲ፣ ከእኔ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰው የነዳት ሞተር ተገኘች። ሊብሬው ንጹሕ፣ ቀለሟ አዲስ፣ ጎማዋም ደህና ነበር።

ሻጩ ቤት ስደርስ ሞተሯ ተነሥታ እየሠራች ነበር። «እንዳትጠብቅ ብዬ ነው» አለኝ። ትሕትና መሰለኝ። ሞተር ገዢ ከመድረሱ በፊት የሚሞቀው ለምን እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። አብዛኛው በሽታ የሚታየው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃል።

ማግስቱን ጠዋት ጉዱ ታየ። የማርቆስ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፔዳሏን ሃያ ጊዜ ረገጥሁ። ስትነሣ ሚኒሞዋ አይረጋም፤ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ሊጠፋ ይደርሳል። ስነዳት ከታች ትንተፋተፋለች። ነዳጅ ስለቅ ዙሩ ቶሎ አይወርድም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ዘግቼ በማርሽ ስይዛት ደግሞ «ጧ!»

የመጀመሪያው መካኒክ ድምፁን እንኳ ሳይሰማ «ካንዴላ ነው» አለኝ። ካንዴላ ይሸጣል። ቀየረልኝ፤ ከፈልኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ካቻቢቴውን አውጥቶ የካርቡሬተሯን ብሎኖች ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞራቸው። የቱን ስንት ዙር እንዳዞረ ሳይቆጥር «አሁን ነዳጅ አትበላም» አለኝ። ብሶባት ተመለሰች። ሦስተኛው ሞተሩን አንዴ አስጩኾ አዳመጠና እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። «ቴስታታው ተከፍቶ ይታይ፤ ፋሻ ጨርሳለች» አለኝ። የጠየቀኝ ብር ሞተሯን ከገዛሁበት ዋጋ ሲሶው ይሆናል።

ሦስቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሆኖም አንዳቸውም አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። እኔም ሦስቱንም አመንኳቸው፤ ምክንያቱም ሦስቱም እርግጠኞች ነበሩ።

ከዚያ ኬላው መጣ።

ከማርቆስ ወጥቼ ለአንድ ዘገባ ወደ ገጠር ስሄድ ነው። ኬላው የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ለዚህ ታሪክ ለውጥ የለውም። ቁልቁለት ነበር። ገመዱን ሳይ እንደማንኛውም ሰው ነዳጅ ዘጋሁ። የሚሆነውን እያወቅሁ ረሳሁት። «ጧ! ጧ!»

አፈሙዝ ወደ ደረቴ ሲዞር አየሁ። ሞተሯን ለቅቄ እጄን አነሣሁ። ሞተሯ በጎኗ ወድቃ ትንሽ አንቋረረችና ጠፋች። ከፊቴ የቆመው ልጅ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር፤ ይንቀጠቀጣል። እኔም እንደዚያው። ሁለታችንም አንድ ነገር ነበር የምንፈራው። አንድ ጎልማሳ ከኋላ መጥቶ ትከሻውን ያዘውና «ተው፣ ሞተር ነው» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተዬ፣ በዚህች ነገር ትሞታለህ» አለኝ። ምክር ይሁን ማስፈራሪያ አላወቅሁም። ሁለቱንም ይመስላል።

ሞተር የያዘ ወጣት ድሮም ይጠረጠራል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ በሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ስትጥል ምክንያቱ ዝርፊያ ነው ተባለ፤ ሥራውን የሚሠራበትም ዘራፊውም አብረው ተጠረጉ። እኛ ጋ ደግሞ ጥርጣሬው ከዝርፊያ ያልፋል። የፕሬስ መታወቂያዬን ከኪሴ እስካወጣ ድረስ የሚጠብቀኝ እንዳለ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ቀን ሞተሯን እየገፋሁ ተመለስኩ። በሽታዋ እስኪታወቅ ድረስም ላልነዳት ማልኩ።

አንድ ወዳጄ ወደ አንድ አዛውንት ላከኝ። ሙሉ የሥራ ዘመናቸውን የግብርና ባለሙያዎች ወደ ገጠር የሚወጡባቸውን ሞተሮች ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን በጡረታ ቤታቸው ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ሞተሯን አልነኳትም። በርጩማ ሰጡኝና ራሳቸው ሌላ ላይ ተቀመጡ።

«መቼ ጀመራት?»

«ከገዛኋት ጀምሮ።»

«እሱማ አንተ ያወቅህበት ነው። እሷን መቼ ጀመራት?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጠሉ። ስትሞቅ ይብሳታል ወይስ ስትቀዘቅዝ? ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ? ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው? እስካሁን ማን ምን ነካ? ቾክ ስትስብላት ትረጋለች ወይስ ትታፈናለች?

የመጨረሻው ላይ አሰብኩ። «ትረጋለች» አልኳቸው። «ከሞቀችም በኋላ ቾኳን ግማሽ ስስብላት ደህና ትሄዳለች።»

«እህ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

መጀመሪያ ቤንዚኑን አዩ። ከሳልባትዮው በቀጭን ጎማ ወደ አንድ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ አወረዱና ፀሐይ ላይ አቆሙት። «ቡና እስኪፈላ ይቀመጥ» አሉ። ተመልሰን ስናየው ከሥሩ ጣት የማይሞላ ውኃ ተኝቷል፤ ከላይ ቤንዚኑ ተንሳፏል። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ እየተለካ የሚሸጠውን ነበር የምቀዳው። ከየት መጣ፣ በምን ዕቃ ተመላለሰ፣ ማን ምን ጨመረበት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ካርቡሬተሩ ሲፈታ ከሥሩ ያለችው ጽዋም የውኃ ጠብታና ዝቃጭ ይዛ ተገኘች። አጠቡት። መንተፋተፉ ቀነሰ። ተኩሱ ግን አልጠፋም።

እኔ «ተገኘ» ብዬ ልነሣ ነበር። ጋሼ «አንድ በሽታ ማግኘት ሌላውን አያድንም» ብለው አስቀመጡኝ።

ከዚያ አዲሱን ካንዴላ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ጫፉ እንደ ኖራ ነጭ ነው። «ይሄ ነው የሚነግርህ» አሉኝ። ያስረዱኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው። ቤንዚን ከበዛ ጥላሸት ይለብሳል፤ አየር ከበዛ ይነጣል፤ ከተመጣጠነ ቡናማ ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ አየሩ ቆላ ካለው ይልቅ ሳስቷል። ስለዚህ ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ጋሼ በሥራ ዘመናቸው ከማርቆስ እያሳሉ ወጥተው ደጀንን አልፈው ዓባይ ድልድይ ሲደርሱ ደህና የሚተነፍሱ ሞተሮች አይተዋል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደው ነዋ።

«በእኛ አየር ካንዴላ ይጠቁራል እንጂ አይነጣም» አሉኝ። «ከነጣ ያልተጋበዘ አየር በሌላ በር እየገባ ነው። ቾክ ስትስብላት የሚሻላትም ለዚህ ነው። በሩን እንፈልግ።»

ሞተሯን አስነሥተው በቆሻሻ ፎጣ ውኃ እየነከሩ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር በምታገናኘው ጎማ ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረጉ። ከላይ ሲያደርጉ ምንም የለም። በጎን ምንም። ከሥሯ፣ ዓይን በማያይበት በኩል ሲያደርጉ ሚኒሞው ድንገት ተለወጠ። ውኃው ስንጥቁን ለቅጽበት ደፍኖት ነው። ደገሙት፤ እንደገና ተለወጠ። ሦስተኛ ጊዜ እኔ ራሴ እንዳደርገው ፎጣውን ሰጡኝ።

ጎማዋ ስትፈታ ስንጥቁ በማስቲሽ ተለጥፎ፣ ላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ማስቲሹን ቤንዚኑ ቀስ በቀስ በልቶታል። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው አየር ቤንዚኑን ያሳሳዋል። የሳሳው ሲሊንደር ውስጥ ሳይነድ ያልፍና የጋለ ማርሚታ ውስጥ ሲደርስ ይቀጣጠላል። ገበያውን ያስተኛውና እኔን ላፈሙዝ የዳረገኝ ድምፅ ከጣቴ ጥፍር የማትበልጥ ስንጥቅ ነበረች። አዲሷ ጎማ የፈጀችው ገንዘብ ከካንዴላው ያነሰ ነው። ሁለተኛው መካኒክ ያዞራቸውን ብሎኖች ጋሼ ወደ ቦታቸው ሲመልሱ ጎማዋን ከቀየሩበት የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። ቴስታታው አልተከፈተም። ፋሻውም ደህና ነው።

ማታ ለሻጩ ደወልኩለት። ልሳደብ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ያችን ጎማ ታውቃት ነበር?»

ትንሽ ዝም አለ። «ወንድምዓለም፣ እኔም እንደዚያው ነው የገዛኋት» አለኝ። «ተታልዬ ነው ብል ማን ይገዛኛል?»

የምመልሰው ቸገረኝና ስልኩን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጋሼን ሳላገኝ ኪሴ ባዶ ቢሆንና ገዢ ቢመጣልኝ እኔስ ሞተሯን አሙቄ አልጠብቀውም ነበር? አላደርገውም ማለት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዜና ስሰማም ስጽፍም ሦስቱ መካኒኮች ይታዩኛል። ያለንበትን ነገር የሚተነትንልን ሰው አላጣንም። እያንዳንዱ ግን መድኃኒቱን የሚያዘው ከራሱ ሱቅ ነው። መሣሪያ የያዘ «መሣሪያ ነው» ይላል። ሹመት የሚሰጥ «ሰው እንቀይር» ይላል። ስብሰባ የለመደ «መድረክ ይዘጋጅ» ይላል። ቁጭ ብሎ «መቼ ጀመራችሁ? ምን ሲሆን ይብስባችኋል? እስካሁን ማን ምን ነካ?» ብሎ ገበሬውን፣ ነጋዴውን፣ ያን በኬላ የሚንቀጠቀጥ ልጅ የሚጠይቅ ስንት ነው?

ይህ ለጎጃም አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያምፅ መንግሥት መጀመሪያ ጦር ላከ፤ አውሮፕላን ሳይቀር መንደር ደበደበ። ቀጥሎ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አንሥቶ ሌላ ሾመ። ገበሬው ግን ከመጀመሪያው የሚለው ግልጽ ነበር፤ መሬቴ ከተለካ ርስቴ ይወሰዳል የሚል ስጋት ነው የያዘው። ግብሩ ተትቶ የቆየው ዕዳ ሲሰረዝ ነው ነገሩ የረገበው። እዚያ ለመድረስ የጠፋው ሕይወት ግን አልተመለሰም።

ሌላውን ብቻ ወቅሼ አላልፍም። በ2015 ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ በጠፋ ጊዜ እኔም ዘገባ ጽፌ ነበር። አንድ ቢሮ ደወልኩ፤ «የትራንስፖርት ችግር ነው» አሉኝ፤ ጻፍኩት። ሌላ ሰው «ነጋዴ ደብቆት ነው» አለኝ፤ እሱንም ጨመርኩ። ከሁለቱም ወገን ሰማሁ ብዬ ሚዛናዊ ዘገባ የሠራሁ መሰለኝ። ከማርቆስ አንድ ሰዓት ሄጄ ያለ ማዳበሪያ የሚያርስ አንድ ገበሬ አላናገርኩም። ካንዴላ ቀይሬ ገንዘቤን ተቀበልኩ። ያኔ የጻፍኩትን ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩት፤ ስህተት የለበትም፤ ግን አንድም ነገር አይነግርም።

የጋሼን አሠራር ስላስታወስኩ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ በአራት መስመር ላስቀምጠው። ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ለሞተር ተጠቀሙበት፤ ሌላውን እናንተ ጨምሩበት።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» በሉ። ነገ ጠዋት ሲባል ፊቱ የሚለወጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

2. ከርካሹና ከቅርቡ ጀምሩ። ቤንዚኑን በሚያሳይ ፕላስቲክ አስቀምጣችሁ እዩ፤ የአየር ማጣሪያውን እዩ፤ ካንዴላውን ፈትታችሁ ቀለሙን አንብቡ። ሞተር ማስከፈት የመጨረሻው ነው።

3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ለውጥ ካላመጣ ወደነበረበት መልሱት። ሦስት ነገር አብሮ ከተነካ የቱ እንዳዳነ፣ የቱ እንዳባሰ አይታወቅም።

4. የተቀባ ነገር ስታዩ ቀለሙ ሥር ምን እንዳለ ጠይቁ። በተለይ አዲስ ቀለም አሮጌ ዕቃ ላይ ሲሆን።

ባለፈው የገበያ ቀን በዚያው መንገድ አለፍኩ። ነዳጅ ዘግቼ በማርሽ ነው የመጣሁት፤ ሆን ብዬ። ሞተሯ ዝም አለች። እኚያ እናት ድንች እየመዘኑ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። ቆሜ «እናቴ፣ ተሠራች» ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ያለመታየቴ ደስ አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ትናንት ማታ ነው። አራት ሰዓት አካባቢ ከከተማው ዳር «ጧ!» አለ። ከዚያ ደገመ። እናቴ ከጓዳ «ሞተርህ ናት?» አለችኝ። ሞተሯ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

«አይደለችም እናቴ» አልኳት። መብራቱን አጠፋች።

ቸር ያሰማን።